ባክአፑ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከጅማ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የተለያየ ሥራ ላይ ቢሆኑም ችግራቸው ይመሳሰላል፦ የመጠባበቂያ ቅጂው (ባክአፑ) በየጊዜው ይወሰዳል፤ ሲፈለግ ግን ዲስኩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ወይም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ፈቃድ ላይ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን የአምዱ አዘጋጆች። ሂርማታ አካባቢ ባለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። 22 ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች አሉን። ከፊሉ ቢሮ፣ ከፊሉ ቦሳ ኪቶ ባለው መጋዘናችን፣ ከፊሉ ደግሞ በሰብሳቢያችን ቤት ይቀመጣል። ኦዲተር የኅዳርን ቅጂ ሲጠይቅ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ንብረት ክፍሉ ሁሉንም በሞዴል 22 ወጪ ስላደረገ ‹‹እኛ ዘንድ ተመዝግቧል›› ይላል። ምን ዓይነት መዝገብ ብንይዝ ይሻላል?

መልስ፦ ሞዴል 22 ንብረቱ ከግምጃ ቤት መውጣቱንና በማን ስም እንደሆነ ይነግርዎታል። ዛሬ ማታ የትኛው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚያድር አይነግርዎትም፤ ለዚያም አልተዘጋጀም። የንብረት መዝገቡን ሳይነኩ ከጎኑ ሌላ መዝገብ ይክፈቱ።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ዲስክ የማይለወጥ ቁጥር ይስጡት፦ ዲ-0001፣ ዲ-0002 እያሉ። በቁጥሩ ውስጥ ‹‹ሰኞ››፣ ‹‹ኅዳር›› ወይም ‹‹ቦሳ ኪቶ›› የሚል ነገር አይግባ። የሰኞው ዲስክ አንድ ቀን የወር ዲስክ ይሆናል፣ የቦሳ ኪቶው ወደ ቢሮ ይመጣል፤ የተለጠፈበት ስም ግን እንዳለ ይቀርና ፈላጊውን ያሳስታል። ዲስኩ ሲበላሽ ቁጥሩም አብሮት ይቅር፤ ለአዲስ ዲስክ አይውረስ። አንድ ቁጥር ለሁለት ዲስክ ከዋለ የድሮው መዝገብ ስለ የትኛው እንደሚናገር ማወቅ አይቻልም።

ቁጥሩን ሦስት ቦታ ያኑሩት፦ በዲስኩ አካል ላይ፣ በማኅደሩ ላይ፣ እንዲሁም ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በሚታየው ስሙ ላይ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ስቲከሩ ሲላቀቅ ግን ዲስኩን የሚያሳውቀው እሱ ነው። ዲስክ ፎርማት ከሚደረግባቸው ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኤክስፋት የተዘጋጀ ዲስክ ስሙ ከ11 ፊደል መብለጥ አይችልም፣ ሌላው፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ እስከ 32 ይፈቅዳል፤ እንዲህ ያለ አጭር ቁጥር ለሁለቱም ይበቃል። ማኅደርና ዲስክ ሲቀያየሩ፣ መቀያየራቸውም አይቀርም፣ የሚታመነው አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ፋብሪካው ያተመውን ሴሪያል ቁጥር መዝገቡ ላይ ይገልብጡ፤ ስቲከሩን ግን በላዩ ላይ አይለጥፉ። እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚጻፍ ስቲከር ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል። ተራ ወረቀት በስኮች ቢሸፈንም በጅማ ክረምት ጠርዙ ይነሣል። በቀለም ሪባን የሚታተም የፕላስቲክ ስቲከር ይግዙ፤ ለ22 ዲስክ የሚሆነው አንድ ጥቅል እንኳ አያልቅም።

ቀጥሎ አድራሻ የሚሰጡት ለዲስኩ ሳይሆን ለቦታው ነው። ሂ-1-3-07 ማለት ሂርማታ ቢሮ፣ 1ኛ ቁም ሳጥን፣ 3ኛ መደርደሪያ፣ 7ኛ ቦታ ማለት ነው። ‹‹ቁም ሳጥን ውስጥ›› የሚል መዝገብ ቁም ሳጥኑን በሙሉ ያስፈትሻል፤ ‹‹7ኛ ቦታ›› የሚለው ግን እጅዎን ቀጥታ ዲስኩ ላይ ያሳርፋል። አንድ ቦታ አንድ ዲስክ ብቻ ይይዛል። ዲስኩ ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀመጥ፤ የዲስኩ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና የወሰደው ሰው ስም የተጻፈበት ጠንካራ ካርድ ይግባበት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይህን ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ጀምሮ ይሠሩበታል፤ ዛሬም መብራት ሲጠፋ ከኤክሴል የሚሻለው ይኸው ካርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ‹‹ያለበት ቦታ›› የሚል አንድ ዓምድ ይከፍትና ዲስኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የቀድሞውን ጽሑፍ አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ይህ ስሕተት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ መጻፍ ከረሳ መዝገቡ የተሳሳተ ይሆናል፤ ስሕተቱ ከየት እንደ ጀመረ የሚያሳይ ምልክትም አይኖርም። መመዝገብ ያለበት እንቅስቃሴው ነው። እያንዳንዱ መስመር ቀንና ሰዓት፣ የዲስኩ ቁጥር፣ ከየት፣ ወደ የት፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ምክንያትና መመለሻ ቀን ይይዛል። የተጻፈ መስመር አይሰረዝም፤ ከተሳሳተ ማረሚያው በአዲስ መስመር ይጻፋል። ዲስኩ ዛሬ ያለበት ቦታ የመጨረሻው መስመር ‹‹ወደ›› የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ያለው መስመር ‹‹ወደ›› እና የአሁኑ ‹‹ከ›› ካልተገጣጠሙ መሐል ላይ ሳይመዘገብ የቀረ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው፤ ዲስኩ ሳይጠፋ ስሕተቱን የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ሦስት ቦታ ስላላችሁ ‹‹መንገድ ላይ›› የሚባል አራተኛ ቦታ ይጨምሩ። ዲስኩ ከሂርማታ ሲወጣ ‹‹ወደ ቦሳ ኪቶ›› ተብሎ አይጻፍ፤ ‹‹ወደ መንገድ ላይ፣ ያዡ እገሌ›› ይባል። ቦሳ ኪቶ ያለው ተረካቢ ቁጥሩን አይቶ ሲፈርም ሌላ መስመር ይጨመራል። ዲስክ በአብዛኛው የሚጠፋው ‹‹ተልኳል›› እና ‹‹ደርሷል›› በአንድ ፊርማ ሲጠቃለሉ ነው፤ ቦርሳው ባጃጅ ውስጥ ቢረሳ እንኳ መዝገቡ ደርሷል እያለ ይቀጥላል። በየጠዋቱ ‹‹መንገድ ላይ›› ከሚለው ውስጥ 24 ሰዓት ያለፈውን ነቅሶ ስልክ የሚደውል ሰው ይመደብ።

ኤክሴል ላይ የቦታውንና የሰውን ስም በእጅ አይጻፉ፤ ከዝርዝር የሚመረጥ ያድርጉት። ኮምፒውተሩ ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐን የተለያየ ፊደል አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንዱ ‹‹ሰብሳቢ››፣ ሌላው ‹‹ሠብሳቢ›› ቢጽፍ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያመጣልና ዲስክ የጠፋ ይመስላል። የቁጥርና የሴሪያል ዓምዶችን ከመሙላትዎ በፊት ፎርማታቸውን ‹‹ቴክስት›› ያድርጉ። አለበለዚያ 0147 ወደ 147 ይለወጣል፤ በመሐሉ ኢ የምትለዋ የላቲን ፊደል ብቻዋን የገባችበት ሴሪያል ደግሞ እንደ ትልቅ የሒሳብ ቁጥር ይነበብና ይበላሻል።

22 ዲስክ ጥሩ ቁጥር ነው። ለሥራ ቀናት 5፣ ለሳምንት 4፣ ለወር 12 ይመድቡ፤ 21 ይሆናል፤ አንዱ ለተበላሸ ምትክ ይቀመጥ። የቀኖቹ ቢሮ፣ የሳምንቶቹ ቦሳ ኪቶ፣ የወሮቹ ደግሞ ከሁለቱም በራቀ ቦታ ይሁኑ። መዝገቡ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ዲስኮቹ ያሉበትን የሚነግርዎት ፋይል አብሮ ይወድቃል። በየሳምንቱ ዓርብ ታትሞ አንዱ ገጽ በየማስቀመጫ ቦታው ይዋል። ባርኮድና ስካነር ለእናንተ አያስፈልጉም፤ መቶ ዲስክ ሲሞላ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። የሠርግና የምርቃት ሥራ በ43 ዲስኮች ላይ ተጠራቅሟል፤ በጫማ ካርቶን ነው የማስቀምጣቸው። ደንበኛ ከዓመታት በኋላ ‹‹ቪዲዮዬን ድጋሚ ስጡኝ›› ሲል ሁሉንም አንድ በአንድ መሰካት ግድ ይሆንብኛል። በቅርቡ ደግሞ ኤስኤስዲ (በሚሽከረከር ሳህን ፈንታ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) መግዛት ጀምሬያለሁ፤ ለማስቀመጥ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ያለው የቁጥርና የቦታ አሠራር ለእርስዎም ይሠራል። የእርስዎ ተጨማሪ ሥራ የዲስኩን ይዘት ሳይሰኩት ማወቅ ነው። እያንዳንዱን ዲስክ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰኩና የፋይሎቹን ሙሉ ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ፋይል ያውጡ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ ዲር የሚለው ትእዛዝ ከኤስ ምርጫው ጋር ይህን ይሠራል፤ ምንም የሚገዛ ነገር የለውም። የጽሑፍ ፋይሉን ስም የዲስኩ ቁጥር ያድርጉት፤ 43ቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ፎልደሩ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ስልክዎ ላይም ይያዝ። ከዚያ በኋላ የደንበኛውን ስም ዝርዝሩ ላይ ሲፈልጉ የሚወጣልዎ የዲስክ ቁጥር ነው።

ይህ የሚሠራው የፎልደሮቹ ስም ትርጉም ካለው ነው። ‹‹አዲስ ፎልደር 3›› ማንንም አያገናኝም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የዝግጅቱ ዓይነትና የደንበኛው ስም በዚሁ ቅደም ተከተል ይግቡ፤ ስሙ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። የድሮዎቹን ዛሬውኑ ሁሉንም ልለውጥ ብለው አይጀምሩ፤ ዲስክ በሰኩ ቁጥር የዚያን ብቻ ያስተካክሉ።

ካርቶኑን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ዲስኮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ካርቶኑም እርጥበት ይስባል። እያንዳንዱ ሥራ በሁለት ዲስክ ላይ ከሆነ ለሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይስጡና መዝገቡ ላይ ‹‹ጥንዱ›› የሚል ዓምድ ይክፈቱ። ጥንዶች በአንድ ሣጥን አይቀመጡ፤ ከተቻለ በአንድ ቤትም አይሁኑ። ኤዲት የሚሠሩበት ዲስክ ከባክአፕ አይቆጠርም፤ በየቀኑ ይነካል፣ ይሰረዝበታል፣ ይወድቃል። መዝገቡ ላይ ‹‹የመጨረሻ ፍተሻ›› የሚል ዓምድ ጨምረው በየ6 ወሩ እያንዳንዱን ይሰኩና ከተለያየ ፎልደር ጥቂት ፋይሎች ይክፈቱ። በኃይል ወይም በገመድ ምክንያት ያልተነሣ ዲስክ ሞቷል አይባልም፤ ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንች ኤክስተርናል ባለ 12 ቮልት አዳፕተሩን ይፈልጋል። ስለዚህ አዳፕተሮችም ቁጥርና ቦታ ይኑራቸው። አዳፕተሩ የጠፋበት ዲስክ ቦታው ቢታወቅም አይነበብም።

ኤስኤስዲን በተመለከተ፦ ለሥራ ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ሳይሰካ ለዓመታት ለማስቀመጥ ግን አይመረጥም። ዲስኩ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ ደግሞ ቀስ እያለ ያመልጣል። ጄዴክ የሚባለው የኢንዱስትሪው መለኪያ አውጪ ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው የመጻፍ ዕድሜው ሲያልቅ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው። ብዙ ያልተጻፈበት ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ነገር ግን የሰው ሠርግ የሚያስቀምጡበት አይደለም። ፍላሽም ማጓጓዣ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነኝ። የባክአፕ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ቀን ይጽፋል፤ እኛ ዲስኩ ላይ በኢትዮጵያ ቀን እንጽፋለን። ‹‹የትኛው ቀን ቅጂ ነው?›› በሚለው ሁልጊዜ እንጣላለን። የሌሊቱ ቅጂ ደግሞ ባሰብን።

መልስ፦ ጥሉ ቦታ ያለው ነው፤ በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያም ይህን አይመልስላችሁም። ዲስክ ላይ 02/11/17 ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ሌላው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2017 ነው ይላል። በሁለቱ መካከል 7 ዓመት ከ8 ወር አለ። አሜሪካዊ አቀማመጥ የለመደ ኮምፒውተር ደግሞ ፌብሩዋሪ 11 ያደርገዋል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ የሰጠውን ቀን እንዳለ፣ ከዓመት ጀምሮ፣ በአራት አኃዝ ዓመት ይይዛል፦ 2024-11-02። ሁለተኛው የኢትዮጵያውን ቀን የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ይይዛል፦ ጥቅምት 23 ቀን 2017። ወሩ በፊደል ከተጻፈ ማንም አይምታታም። ዲስኩ ላይ ቀን አይጻፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል፣ ቀኑ መዝገቡ ላይ ነው። አንዱን ቀን ወደ ሌላው ስትለውጡ ‹‹10 ቀን ጨምር›› በሚል ልማድ አትመኩ። መስከረም 1 ቀን 2017 በሴፕቴምበር 11 ሲውል መስከረም 1 ቀን 2016 ግን በሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው፤ ከዚያ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። መለወጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

የሌሊቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የተጀመረ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ 20፡00 ተብሎ ይታያል። ሌሊት 8 ሰዓት ሲያልቅ ኮምፒውተሩ 02፡00፣ ረቡዕ ይላል፤ የእናንተ ሰው ግን ገና ማክሰኞ ሌሊት ላይ ነው። አንዱ በመጀመሪያው፣ ሌላው በመጨረሻው ከሰየመ በመዝገቡ ላይ የሌለ ‹‹የረቡዕ›› ቅጂ ይፈጠራል። ደንብ አድርጉ፦ ቅጂው የሚጠራው በተጀመረበት ቀን ነው፤ ሰዓቱም ኮምፒውተሩ እንደጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይገባል።

ለጳጉሜን የተለየ የወር ዲስክ አያስፈልግም፤ ከነሐሴ ጋር ትቆጠር። የማይሰረዘውን የዓመት ቅጂ የትምህርቱ ሥራ ሲዘጋ ውሰዱ፤ የሒሳቡ ግን ሰኔ 30 ላይ ይሁን፤ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ዲስኮቻችንን የገንዘብ ካዝና ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፤ እሳት አይበላውም ተብሎ የተገዛ ነው። ክረምት ላይ ዲስኮቹ ማኅደር ላይ ሻጋታ አየን። ሁለተኛ ቅጂ ለማስቀመጥስ የት ይሻላል?

መልስ፦ ካዝናው ለወረቀት የተሠራ እንዳይሆን በበሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ለወረቀት የተፈተነ ካዝና በእሳት ጊዜ ውስጡን ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይጠብቃል፤ ወረቀት ይህን ይችላል። ዲስክ ግን አይችልም። ለኮምፒውተር ሚዲያ የሚሠራው ካዝና ውስጡን ከ52 ዲግሪና ከ80 በመቶ እርጥበት በታች እንዲጠብቅ ነው የሚፈተነው። የወረቀቱ ካዝና በእሳት ቀን ሰነዱን አትርፎ ዲስኩን ሊያቀልጥባችሁ ይችላል።

የሻጋታውም ምክንያት ከካዝናው አይርቅም። የእሳት መከላከያ ግድግዳው ውኃ ያዘለ ቁስ አለበት፤ በእሳት ጊዜ እንፋሎት እየሆነ እንዲያቀዘቅዝ ነው። ካዝናው ለወራት ሳይከፈት ሲቆይ ያ እርጥበት ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ላይ የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ አየሩ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ካለፈ ሻጋታ መንገድ ያገኛል።

ጎማ ያለው፣ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ይግዙና ዲስኮቹን በሣጥኑ፣ ሣጥኑን በካዝናው ውስጥ ያድርጉ። ለ10 ሊትር ሣጥን 100 ግራም ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚጠጣ ጠጠር) ይበቃል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ 10 ሊትር አየር በ20 ዲግሪ ቢሞላ እንኳ 0.17 ግራም ያህል ውኃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ 100 ግራም ሲሊካ ግን በአሥሮች ግራም የሚቆጠር ይጠጣል። ሲሊካው ቶሎ ቀለሙን ከለወጠ ጥፋቱ የሲሊካው አይደለም፤ ክዳኑ አይገጥምም ማለት ነው። ሰማያዊው ሲጠግብ ሮዝ፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ ይሆናል፤ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል ደርቆ ተመልሶ ይሠራል። ሰማያዊው ኮባልት አለበትና ምግብ በሚጋገርበት ኦቨን አይድረቅ። ሩዝ አይተካውም፤ ዱቄቱም ይበናል። የእርጥበት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው ንባቡን ለመዝገቡ ይስጡ፤ ከ30 እስከ 45 በመቶ ከሆነ መልካም ነው።

ሁለተኛው ቅጂ የት ይሁን ላሉት፦ መጀመሪያ ሁለቱን ቦታ በአንድ ጊዜ ምን ሊያጠፋቸው እንደሚችል ይጠይቁ። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች ለሌባና ለእሳት እንደ አንድ ናቸው። በአወይቱ ወንዝ ዳር ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከቁም ሳጥን በላይ ያለው ቦታ በበጋ ይግላል። በከተማው ውስጥ ከቢሮው ራቅ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሁለት ሰው ቁልፍ የያዘበት ክፍል ለሳምንቱ ቅጂ በቂ ነው። የወሩ ቅጂ ከጅማ ይውጣ። ቅርንጫፍ ካላችሁ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አጋሮ ትሆናለች። 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ ውጭ የምትልኩትን ለሚከታተለው ቢሮ ይመቻል፤ ግን ዲስኩን ለማምጣት አንድ ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። አደጋ በደረሰ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹መቼ ይደርሳል›› ነው።

ከመንገድ የመጣን ዲስክ ወዲያው አይሰኩ። ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ቦርሳው እንደ ተዘጋ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ጥያቄ፦ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለባክአፕ ኤልቲኦ-6 ቴፖች (በካርትሪጅ ውስጥ ያሉ የማግኔት ቴፖች፤ ቁጥሩ ትውልዱን ያሳያል) እንጠቀማለን። መዝገባችን 64 ይላል፤ ስንቆጥር 62 ናቸው። ኃላፊዎች ቴፖቹን የሚያነበውንና የሚጽፈውን መሣሪያ፣ ድራይቩን፣ ወደ ኤልቲኦ-8 ለመቀየር አስበዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ‹‹ጠፋ›› የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ። መጀመሪያ ድራይቩ ውስጥና የቴፕ ላይብረሪው (ቴፖቹን በራሱ የሚቀያይረው መሣሪያ) መቀበያ ቦታ ላይ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚገኘው። ቀጥሎ መዝገቡ ከሚለው ቦታ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ያሉትን ያውጡ፤ እጅ አንድ ቦታ ይስታል። ሦስተኛ ማኅደሮቹን ሁሉ ከፍተው የማኅደሩ ቁጥርና የካርትሪጁ ባርኮድ መግጠማቸውን ይዩ፤ ባዶ ማኅደርና ሁለት ካርትሪጅ የያዘ ከረጢት ሊገኙ ይችላሉ። ባርኮዱ የተላቀቀ ካርትሪጅ ከተገኘ ድራይቭ ውስጥ ይግባ፤ እያንዳንዱ ኤልቲኦ ካርትሪጅ ሴሪያሉን የምትይዝ ትንሽ ቺፕ በውስጡ አለችው። በመጨረሻ የእንቅስቃሴ መዝገቡን የመጨረሻ መስመር ይዘው የፈረመውን ሰው ያነጋግሩ።

አሁንም ካልተገኙ ሁለት ነገር ይለዩ፦ ቴፖቹ ኢንክሪፕት ተደርገዋል ወይ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ ተመስጥረዋል ወይ)? ከኤልቲኦ-4 ጀምሮ ድራይቩ ራሱ ይህን መሥራት ይችላል። ተደርገው ከሆነ የጠፋው ቅጂው ብቻ ነው። ካልተደረጉና የሰዎች የግል መረጃ ካለባቸው ጉዳዩ የንብረት መጉደል ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን የያዘው አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳልና የሕግ ክፍላችሁ በዚያው ቀን ይወቅ። ከዚያ የጠፉት ቴፖች ላይ የነበረው መረጃ በሌላ ቴፕ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ዛሬ ማታ አዲስ ቅጂ ይወሰድ።

ቆጠራችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የተደረገ ይመስለናል። ከመዝገቡ ወደ መደርደሪያው መሄድ የጎደለውን ያሳያል፤ ከመደርደሪያው ወደ መዝገቡ መሄድ ደግሞ ያልተመዘገበውን ወይም በሌላ ቁጥር የገባውን ያወጣል። በየወሩ ከሁለቱም አቅጣጫ አሥር አሥር ያህል በዕጣ መርጣችሁ ፈትሹ፤ ሙሉ ቆጠራው በየ3 ወሩ ይሁን። ቆጣሪው ቴፖቹን በየቀኑ የሚይዘው ሰው አይሁን።

ስለ ባርኮዱ አንድ ነገር፦ የኤልቲኦ ባርኮድ ስምንት ምልክት አለው። ስድስቱ የእናንተ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የቴፑን ትውልድ ይናገራሉ። አኃዝና የላቲን ትልቅ ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የግዕዝ ፊደል አይገባም። የሚለጠፈው በተዘጋጀለት ጎድጓዳ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ስቲከር በካርትሪጁ አካል ላይ ከተለጠፈ ድራይቭ ውስጥ ሊላቀቅ ይችላል፤ ያኔ የምትከስሩት ድራይቩን ነው። የሲሊካው ምክር ለቴፕም ይሠራል፤ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ቴፕ ከ16 እስከ 25 ዲግሪና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይመከራል፤ በማኅደሩ ሆኖ በጠርዙ ይቁም።

የድራይቩን ግዢ በተመለከተ ኃላፊዎቻችሁ ይህን ሳያውቁ እንዳይፈርሙ፦ ኤልቲኦ-8 ድራይቭ የሚያነበው ኤልቲኦ-7ን እና ኤልቲኦ-8ን ብቻ ነው። 62ቱን ኤልቲኦ-6 ቴፖቻችሁን አያነባቸውም። አሮጌው ድራይቭ ከነገመዱና ከነካርዱ በመዝገቡ ላይ ቁጥርና ቦታ ይሰጠው፤ በንብረት ማስወገድ እንዳይሄድ ‹‹የ62 ቴፖች አንባቢ›› ተብሎ ይጻፍበት። የባክአፕ ፕሮግራሙ ካታሎግም (የትኛው ፋይል በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ የሚይዘው ዝርዝር) በሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው። ካታሎጉ ከጠፋ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቴፕ ዳር እስከ ዳር ሊያነብ ይችላል፤ 2.5 ቴራባይት በሰከንድ በ160 ሜጋባይት ሲነበብ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። 62 የሞሉ ቴፖች ያለ ማቋረጥ 11 ቀን ይፈጃሉ፤ መብራት ሳይቆራረጥ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ላይ ምን እንዳለበት እንጻፍ ወይስ ቁጥር ብቻ? የጠፋ ዲስክ ያገኘ ሰው እንዲመልስ ብለን ነው።

መልስ፦ ቁጥርና የቢሮ ስልክ ብቻ። ‹‹የደመወዝ ዳታ›› ወይም ‹‹የታካሚዎች ፋይል›› የሚል ጽሑፍ ላገኘው ሰው ዋጋውን መንገር ነው። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፉ በወረቀት ታትሞ ከዲስኩ በተለየ ሕንፃ ይቀመጥ፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቁልፉ ያለበት ፖስታ ቁጥር እንጂ ቁልፉ አይደለም።

ጥያቄ፦ የተበላሹና ያረጁ 9 ዲስኮች አሉን። ልንጥላቸው ነው፤ ከመዝገቡ እንሰርዛቸው?

መልስ፦ አይሰረዙም። መስመሩ ይቆያል፣ ሁኔታው ‹‹ተወግዷል›› ይሆናል፤ ቀን፣ ሴሪያል፣ የተወገደበት መንገድና የሁለት ሰው ፊርማ ይጨመርበታል። የሚሠራው ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ በላዩ ከተጻፈበት ይበቃል፤ ፎርማት ማድረግ ብቻ ግን አይበቃም። የማይሠራው በድሪል ውስጡ ያሉት ሳህኖች ድረስ ሦስት አራት ቦታ ይበሳ፤ ሰባሪው መነጽር ያድርግ፤ በትንንሾቹ ውስጥ ያለው ሳህን መስታወት ሊሆን ይችላል። ኤስኤስዲን ማግኔት አያጠፋውም፤ የአምራቹ ማጥፊያ ፕሮግራም ይሠራለት፣ ካልነሣ ቺፖቹ ይሰባበሩ። ኤልቲኦ ቴፕ በማግኔት ማጥፊያ ካለፈ ፋብሪካው የጻፈበት መምሪያ መስመርም አብሮ ስለሚጠፋ እንደገና አይሠራም፤ ‹‹ባዶ ቴፕ›› ተብሎ ወደ መደርደሪያ እንዳይመለስ። ከመበሳቱ በፊት ሴሪያሉ የሚታይበት፣ ከተበሳ በኋላ ደግሞ ቀዳዳው የሚታይበት ፎቶ ይነሣና በዲስኩ ቁጥር ይቀመጥ።